የአየር ንብረት ፖሊሲና የሴቶች የውሳኔ ድርሻ

ኅዳር 2018 ዓ.ም በብራዚሏ ቤሌም ከተማ የተካሄደው 30ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባዔ፣ ኢትዮጵያ በ2020 ዓ.ም የሚካሄደውን 32ኛውን ጉባዔ እንድታስተናግድ መርጧታል። በዚያው መድረክ አገሮች አዲስ የሥርዓተ ጾታ የድርጊት መርሐ ግብር አጽድቀዋል። የሁለቱ ውሳኔዎች መገጣጠም በአጋጣሚ ቢሆንም፣ ለአስተናጋጅነቱ በሚዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ፊት አንድ ጥያቄ ማስቀመጡ አልቀረም። የድርቁንና የጎርፉን ጫና በቀዳሚነት የሚሸከሙት ሴቶች በሚወጣው ፖሊሲ ላይ ምን ያህል የመወሰን ድርሻ አላቸው?

ሕጉ መልስ ከሰጠ ቆይቷል። የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በልማት ፖሊሲዎች ዕቅድና በፕሮጀክቶች አፈጻጸም ላይ፣ በተለይም ጥቅማቸውን በሚነኩት ላይ፣ ሐሳባቸው በተሟላ ሁኔታ እንዲደመጥ የመጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። በ2004 ዓ.ም ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ለፈጣን ትግበራ ከመረጣቸው አራት መስኮች አንዱን የገጠር ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በማድረጉ፣ የእናቶችን ጓዳ የአገር ጉዳይ አድርጎታል።

በላይኛው እርከን የታየው ለውጥም የሚናቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም በተዋቀረው ካቢኔ ሴቶች ግማሹን ወንበር ይዘዋል። የ2013 ዓ.ም ምርጫን ተከትሎ በተመሠረተው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድርሻቸው ከ40 በመቶ በላይ ነበር። በ2014 ዓ.ም የተቋቋመውን የፕላንና ልማት ሚኒስቴርን እንዲመሩ የተሾሙትም ዶክተር ፍጹም አሰፋ ናቸው።

ክፍተቱ ጎልቶ የሚታየው በቀበሌ ደረጃ ነው። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎችን፣ በአብዛኛው ሴቶችን፣ አሰልጥኖ በማሰማራቱ የጤና መልእክት በቀጥታ ለእናቲቱ ይደርሳል። የግብርና ልማት ሠራተኞች ግን በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ስለ ዝናብ አጀማመር፣ ስለ ተሻሻለ ዘርና ስለ እርጥበት ዕቀባ የሚሰጠው ምክር ለአባወራው ይነገራል፤ ዘር የምታስቀምጠው፣ የምታርመውና የጓሮ አትክልቱን የምትንከባከበው ሚስት ከሰማች የምትሰማው በሁለተኛ እጅ ነው። ሁለቱም ፕሮግራሞች የአንድ መንግሥት መሆናቸው ሲታሰብ ልዩነቱ የአቅም ማነስ ሳይሆን የአደረጃጀት ውጤት መሆኑን መገንዘብ አያዳግትም።

የእማወራዋ ሁኔታ ደግሞ የከፋ ነው። በብዙ የሰሜንና የመካከለኛው ደጋ አካባቢዎች ሴት በሬ ጠምዳ ማረሷ ስላልተለመደ፣ አራሽ ወንድ በቤቷ ከሌለ መሬቷን በእኩል ወይም በሲሶ ለሌላ ትሰጣለች። እርከንና ዛፍ ግን ጥቅማቸው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። የዘንድሮውን ምርት ብቻ የሚያስብ ገባር አራሽ ለዚያ የሚደክምበት ምክንያት የለውም፤ ባለይዞታዋም እርሻው ላይ ስለማትቆም የምታዝዘው ጥቂት ነው። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ማዘዙ፣ በ2016 ዓ.ም በአዲስ አዋጅ እስከተተካበት ጊዜ ድረስ ለሴቶች ትልቅ ዋስትና ሆኖ ቆይቷል። ይሁንና በደብተር ላይ የሰፈረ ስም በተፋሰስ ኮሚቴ ውስጥ የሚደመጥ ቃል ለመሆን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የእርከንና የውሃ ዕቀባ ሥራ ላይ ሴቶች በስፋት ተሰልፈዋል። ፕሮግራሙ ነፍሰ ጡሮችን ከጉልበት ሥራ አውጥቶ በቀጥታ ድጋፍ እንዲታቀፉ ማድረጉም ጥሩ አርአያ ነው። የሚቀረው በየትኛው ተዳፋት ላይ፣ በየትኛው ወር እንደሚሠራ ሲወሰን እነርሱም መኖራቸው ነው። የወረዳ ሪፖርት ቅጾች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስንት ሴቶች እንደተገኙ እንጂ ከቀረቡት ሐሳቦች ስንቱ የእነርሱ እንደነበረ፣ ስንቱስ ተቀባይነት እንዳገኘ አይደለም። ስብሰባው በገበያ ቀን ወይም እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሲጠራም ቁጥሩ ራሱ ይወርዳል።

በዓለም አቀፍ መድረክም ጉዞው አዝጋሚ ነው። የሴቶችን ውክልና ለማሻሻል የመጀመሪያው ውሳኔ በማራካሽ የተላለፈው በ1994 ዓ.ም ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም የሊማ የሥራ ፕሮግራም ተከትሏል። ሆኖም በቅርብ ዓመታት ጉባዔዎች ከአገሮች ልዑካን መካከል ሴቶች ከሲሶው ብዙም አልዘለሉም። በአንጻሩ በጎረቤት ኬንያ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመሩት የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ የገጠር ሴቶችን ከችግኝ ማፍላት አንስቶ ስለ ደን ይዞታ መንግሥትን እስከ መሞገት አድርሷል፤ መሪዋም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝተውበታል።

ለ2020ው ጉባዔ የሚደረገው ዝግጅት ለሲቪል ሰርቪሱ ይህንኑ ጉዳይ በተግባር ያቀርባል። ተደራዳሪ በአንድ ዓመት አይፈጠርም፤ የፋይናንስን ወይም የማጣጣሚያን አጀንዳ ጨብጦ ለመከራከር በተከታታይ ጉባዔዎች መቀመጥን ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቶች ልዑካን የሚመርጡት በኃላፊነት ደረጃ ከሆነ፣ በዝቅተኛ የሥራ መደቦች በብዛት የሚገኙት ሴት ባለሙያዎች ከስም ዝርዝሩ ውጪ ይሆናሉ። ለ2019 ዓ.ም የተመደበው 31ኛው ጉባዔ ከአዲስ አበባው በፊት ያለው የመጨረሻው የልምምድ መድረክ በመሆኑ፣ ለእርሱ የሚጻፉት የውክልና ደብዳቤዎች በ2020 ዓ.ም ከኢትዮጵያ ሰሌዳ ጀርባ ማን እንደሚቀመጥ ከወዲሁ የሚወስኑ ናቸው።