የቁልፍ ቤቱን ከማሸጋችን በፊት

ሰሞኑን አረርቲ ነበርኩ። ያረፍኩበት ክፍል ቁልፍ በሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀረና ቁልፍ ቀራጭ ፍለጋ ወጣሁ። ሰው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ድምፁ ራሱ መራኝ።

ቤቱ የቆርቆሮ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። የቁልፍ መቅረጫዋ ማሽን ላሜራ በለበሰ ባንኮኒ ላይ ተቀምጣለች። ደጁ ላይ ደግሞ ለማጁ፣ 16 ዓመት ቢሆነው ነው፣ የብረት በር አጋድሞ የቁልፍ ማስገቢያ በግራይንደር ይቆርጣል። መነጽር የለው፣ የጆሮ መከለያ የለው። ግራይንደሩ ጠፍቶ ሁሉም ነገር ጸጥ ሲል ስሙን ጠየቅሁት። «አቤት?» አለኝ። ደገምኩለት። «አቤት?» ባለቤቱ ሳቀ። «ጮክ በልበት ወንድሜ፣ እዚህ ቤት ሁላችንም እንደዚያው ነን።»

ከጎን ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት አልሳቀችም። «ደንበኛ ስኳር ይብዛ ይነስ ሲለኝ እንኳ አልሰማውም። ልጄን የማስተኛው እዚሁ ጓሮ ነው። ለቀበሌ ተናግረናል፣ ቢያነሡልን ይሻላል» አለች።

ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። «ቢያነሡልን» የሚለው ላይ ግን አልስማማም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

አውቃለሁ፤ «ሰሜን ሸዋ ላይ ሰው የተኩስ ድምፅ እየሰማ በሚያድርበት ጊዜ አንተ ስለ ቁልፍ ቤት ጫጫታ ትጽፋለህ?» የሚል አስተያየት ይመጣል። ይምጣ። ትልቁ ጉዳይ እስኪያልቅ ትንሹን እናቆየው ስንል ስንት ነገር እንዳለፈን ቁጠሩት። ደግሞም የዚያ ልጅ ጆሮ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ብረት የሚቆርጥ ግራይንደር በያዘው ሰው ጆሮ ዘንድ 100 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም ያልፋል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት እያለ ይወርዳል። 100 ላይ ሲደርስ የቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በቀን 15 ደቂቃ! ልጁ ያንን ከረፋዱ በፊት ጨርሶታል።

ጉዳቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ማንም አይደነግጥም። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑን ድምፅ የመስማት ችሎታ ነው፤ በንግግራችን ውስጥ «ስ»ን፣ «ፍ»ን፣ «ሽ»ን የምንለይበት ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየው ድምፅህን ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለየውም። «አቤት?» የሚለው ለዚህ ነው። ቤተሰብ ደግሞ «ልቡ እዚህ የለም» ይለዋል።

ሕጉ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ያዛል። በአገራችን የድምፅ መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ ሰፈር 65 እና 55፤ ለኢንዱስትሪ ሰፈር 75 እና 70 ነው።

ቁጥሩ ጥሩ ነው። ግን እስቲ አረርቲ መንገድ ላይ ቁሙና የትኛው ቁጥር እንደሚሠራ ንገሩኝ። ፊት ለፊት ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ፣ በመሐል ቡና ቤት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ የራሱ አጥር አለው፤ ስለ ጫጫታ ሲነሣ ሁላችንም ወደዚያ እናያለን። እዚህ ግን ሰው ሚተኛበት ግድግዳ ሥር ብረት ይቆረጣል። ለክቶ የሚነግረንም የለም። አቤቱታ ሲበዛ አንድ ቀን ሰው ይመጣና በሩ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፣ ያሽጋል።

ለማጁ ደግሞ በጎረቤት ሕግ ውስጥ የለም። እሱን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ አሠሪ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርንም ይከለክላል። ነገር ግን ለማጅ «ተቀጣሪ» መባሉንስ ማን ያምናል? የሚከፈለው ሙያ ነው፤ ምሳና የኪስ ገንዘብ ከተጨመረለት ዕድለኛ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ባልናገረው ይከነክነኛል። እኛ ብረት ቀጥቃጭን የናቅን ሕዝብ ነን። ማረሻውን ሠርቶልን ቡዳ ብለነዋል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት በዚሁ የተነሣ ነው። ዛሬ ያንን ስድብ በአደባባይ የሚናገር ጥቂት ነው። «ከሰፈራችን ይነሣልን» የሚለው ጩኸት ግን ከሙዚቃ ቤቱና ከወፍጮ ቤቱ ይልቅ በብረት ሠሪው ላይ ቶሎ ሲደርስ ሳይ እጠረጥራለሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራን ያየ ያውቃል፤ ከዚያ የመዶሻ ድምፅ ስንት ምድጃና ስንት ባልዲ ወጥቶ በየቤታችን ገብቷል። ቁልፍ ሠሪ ደግሞ ከከተማ ዳር ሊቀመጥ አይችልም። ሌሊት በር ሲዘጋብህ ከየት ልታመጣው ነው?

ስለዚህ ጥያቄው ሰውየው የት ይሂድ ሳይሆን ድምፁ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። እኔ ቆሜ እንዳየሁት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያዋ ቁልፍ መቅረጫዋ ናት። አንዱ ሞርሳ ላይ ዋናው ቁልፍ፣ ሌላው ላይ ገና ያልተቀረጸው ይታሰራል፤ የሚሽከረከረው ጥርስ የዋናውን ቅርጽ እየተከተለ ይበላዋል። ሥራው ከደቂቃ ብዙም አያልፍም። ጥርሱ ከደነዘዘ ወይም ቁልፉ ላልቶ ከታሰረ ማሽኗ ትጮኻለች፣ ቁልፉም ተበላሽቶ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ባንኮኒው ነው። ላሜራ በስሱ እንጨት ላይ ሲለበስ ከበሮ ይሆናል። ባለቤቱን «ጋሼ፣ እስቲ አንሡዋት» ብዬ ከጎማ ጠጋኙ ወፍራም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ለምኜ ሥሯ አደረግንላት። ድምፁ አልጠፋም። ባንኮኒው ግን መንቀጥቀጡን አቆመ፣ ቡና አፍይዋም ቀና ብላ አየችን። ወጪው ምስጋና ብቻ።

ሁለተኛው ግራይንደሩ ነው፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ጩኸት ከመሣሪያው ሳይሆን ከበሩ ይወጣል። ክፍት ሆኖ የተጋደመ ላሜራ ሲቆረጥ እንደ ደወል ይጮኻል። በሞርሳ ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ የአሸዋ ከረጢት ላዩ ላይ መጫን፣ ከሥሩ ጣውላ ማድረግ የደወሉን ድምፅ ያፍነዋል። ስስ ላሜራ በላሜራ መቀስ ይቆረጣል። ለአንድ ሲሊንደር የምትበቃ ቀዳዳ በፑንታ ተበስታ በሞረድ ትስተካከላለች፤ ትንሽ ጊዜ ትፈጃለች እንጂ። ድሪሉም ላይ አንድ ነገር ታዘብኩ፦ የመዶሻ ምልክት ያለበት ማዞሪያ በርቶ እንጨት በር ይበሳበታል። ያ ለግንብና ለኮንክሪት ነው። ለእንጨትም ለብረትም ምንም አይጠቅም፣ ጩኸት ብቻ ይጨምራል፣ ፑንታውንም ይጎዳል።

ቀጥሎ ርቀት። በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። መንገዱ በግድግዳ የታጠረ ስለሆነ ያን ያህል አይወርድ ይሆናል፤ ቢሆንም የመቁረጫ ቦታውን ከቡና ቤቱ ግድግዳ አንሥቶ ወደ ሌላው ጥግ መውሰድ በነጻ ነው። በመካከል የሚቆም ነገር ካስፈለገ ብሎኬት ይሁን። ቆርቆሮ ድምፅ ያሳልፋል። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የምትለጥፉም ተውት፤ የክፍሉን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣውን አያግድም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጁ ግራይንደሩን በእጁ ይዞ ነው የሚሠራው። ለእሱ የጆሮ መከለያ ያስፈልጋል። ጆሮ ውስጥ የሚጠቀጠቅ ጥጥ አይረባም፤ ሰው የተከለለ ይመስለውና ይዘናጋል። ለሥራ ተብሎ የተሠራ የስፖንጅ መድፈኛ ወይም እንደ ትልቅ ማዳመጫ ጆሮን የሚሸፍን ይሁን። ባለቤቱ «ደንበኛ ሲጠራ አይሰማም» አለኝ። አሁንስ ይሰማል?

ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ቢሮ ውስጥ የምትሠሩ አንባቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሌላው ቢቀር ሁለት ነገር ይቻላችኋል። የንግድ ፈቃድ ሲታደስ የማደሻውን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ብረት ቤቱ የጆሮ መከለያ እንዳለው ጠይቁ። አቤቱታ ሲመጣም ከማሸጊያው ወረቀት በፊት የድምፅ መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ መለኪያ ከሌለ የስልክ መተግበሪያም ለጊዜው ይነግራችኋል፣ ልኩ ትክክል ባይሆንም። ግድግዳው ሥር ስንት፣ ቡና ቤቱ ውስጥ ስንት፣ ጎማው ከገባ በኋላ ስንት ብላችሁ ጻፉት። ከለካችሁ ቁጥሩን ላኩልኝ፣ እዚሁ አወጣዋለሁ።

እኔ ቁልፌን ይዤ ሄድኩ፤ በመጀመሪያው ሙከራ ከፈተ። የልጁን ስም ግን እስካሁን አላወቅሁም። ለሦስተኛ ጊዜ መጠየቁ አሳፈረኝ።