«የማን ልጅ ነሽ?» — በአንድ የጠፈር ታሪክ መጨረሻ ላይ ስለ ተሰጠው የተመልካች ፍርድ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ትምህርት፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ስፖርት ብዙ ቁም ነገር ስለሚጻፍ፣ እኔ ስለ ፊልም ለመጻፍ መነሣቴ ለአንዳንድ ወላጆች ጨዋታ ይመስላቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ እኛ ወጣቶች በዕረፍት ሰዓት ቆመን ከምንከራከርባቸው ነገሮች አንዱ ፊልም ነው። በዚህ ዓመትም በክፍላችን ረጅም ሙግት ያስነሣው የአንድ ፊልም መጨረሻ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩን ከነምክንያቱ ላቀርብ ወደድሁ፤ በትዕግሥት እንድታነቡልኝም እለምናለሁ።

ፊልሙ «ዘ ራይዝ ኦቭ ስካይዎከር» ይባላል፤ የወጣውም በታኅሣሥ ወር 2019 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጆርጅ ሉካስ የተባለው አሜሪካዊ በ1977 የጀመረው፣ «ስታር ዋርስ» ተብሎ የሚጠራውና በእኛ ቋንቋ የከዋክብት ጦርነት ልንለው የምንችለው ታሪክ፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ በወጡ ዘጠኝ ፊልሞች ተተርኳል። ይህ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ነው።

ላላየው ሰው ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። ሬይ የምትባል ልጅ ወላጆቿ በበረሃ ጥለዋት ሄደው፣ ከወደቁ የጦር መርከቦች ብረት እየፈታታች በምግብ እየለወጠች ብቻዋን ታድጋለች። ኋላም በውስጧ ታላቅ ኃይል እንዳለ ይታወቃል። በ2015 ጄ ጄ ኤብራምስ ያዘጋጀው የመጀመሪያው ፊልም «ይህች ልጅ የማን ናት?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ አለቀ። ተመልካቹም ሁለት ዓመት ሙሉ ሲገምት ቆየ። አንዱ የዚህ ጀግና ልጅ ናት ሲል፣ ሌላው የዚያ መነኩሴ የልጅ ልጅ ናት ይል ነበር። በ2017 ራያን ጆንሰን ጽፎ ያዘጋጀው ሁለተኛው ፊልም «ዘ ላስት ጄዳይ» መልሱን አመጣ። ወላጆቿ ስም የሌላቸው፣ ለመጠጥ ገንዘብ ሲሉ የሸጧት ተራ ሰዎች ነበሩ ተባለ። በዚያው ፊልም መጨረሻ ላይ ደግሞ የፈረስ ጋጣ የሚጠርግ አንድ ስሙ የማይታወቅ ሕፃን መጥረጊያውን ሳይነካ ወደ እጁ ሲስበው ይታያል። ታላቅነት በማንም ቤት ሊወለድ ይችላል ማለቱ ነበር።

ይህ መልስ ተመልካቹን ለሁለት ከፈለው። አንዳንዶች እሰይ አሉ፤ ሌሎች ግን ሁለት ዓመት ጠብቀን የማንም ልጅ አይደለችም ትሉናላችሁን ብለው ተቈጡ። እነሆ ሦስተኛው ፊልም ሲመጣ መልሱ ተገለበጠ። ሬይ የክፉው ንጉሠ ነገሥት የፓልፓቲን የልጅ ልጅ ናት ተባለ። ወላጆቿም ተራ የሆኑት እርሷን ለመደበቅ ሲሉ ነው ተባለ። ፓልፓቲን ራሱ በ1983 በወጣው ፊልም ላይ ወደ ጥልቅ ጕድጓድ ተወርውሮ ሲሞት ሁሉም ያየው ነበር፤ አሁን ግን ብዙ ማብራሪያ ሳይሰጥበት በሕይወት ተገኘ።

ታዲያ ተመልካች ምን አለ? እዚህ ላይ ጥቂት ቈጠራ ማድረግ ግድ ነው፤ ምክንያቱም በክፍላችን የተነሣው ሙግት ግማሹ «ሕዝቡ ወዶታል፣ ሕዝቡ ጠልቶታል» በሚል ስለ ነበር ነው። ሮተን ቶሜቶስ የተባለው የፊልም ፍርድ ሰብሳቢ ድርጅት እንደሚያሳየው፣ ሦስተኛውን ፊልም ያመሰገኑት ሐያስያን ከግማሽ እምብዛም አይበልጡም፤ ከተመልካቹ ግን ከመቶ 86 ያህሉ ወደውታል። በሁለተኛው ፊልም ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነበር፤ ከሐያስያን ከመቶ 91 ያህሉ ሲያመሰግኑት፣ ከተመልካች የወደዱት ከግማሽ በታች ሆኑ። ይህን ይዞ አንድ ጓደኛዬ «ሕዝቡ ጆንሰንን ጥሎ ኤብራምስን አነሣ» ሲል ደመደመ።

ነገር ግን ሚዛኑ በመካከሉ ተለውጧል። በ2017 ፊልሙን ያየውም ያላየውም፣ አንድ ሰውም ደጋግሞ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። ከግንቦት 2019 ጀምሮ ግን ዋነኛው ቍጥር ትኬት መግዛታቸው ከተረጋገጠላቸው ሰዎች ብቻ መሰብሰብ ጀመረ። በአንድ ሚዛን የተመዘነ ጤፍና በሌላ ሚዛን የተመዘነ ጤፍ እንዴት ይነጻጸራል? ሲኒማስኮር የተባለው ሌላው ድርጅት በበኩሉ በአሜሪካ ፊልሙ በሚከፈትበት ሌሊት ሰዎቹን በሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ይጠይቃል፤ መንገዱም በሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር። በዚህ መንገድ ሁለተኛው ፊልም «ኤ» ሲያገኝ ሦስተኛው «ቢ ፕላስ» አገኘ። በተዋንያን ከተሠሩት የስታር ዋርስ ፊልሞች ሁሉ ከዚህ ዝቅ ያለ ማዕርግ ያገኘ የለም። ትኬት ቆርጦ በመጀመሪያው ሌሊት የተሰለፈ ሰው ደግሞ ወዳጅ እንጂ ጠላት ሊሆን አይችልም።

የገንዘቡ ነገርም ይህንኑ ያግዛል። የመጀመሪያው ፊልም በዓለም ሁሉ ከሁለት ቢልዮን ዶላር በላይ፣ ሁለተኛው 1.3 ቢልዮን ያህል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአንድ ቢልዮን ጥቂት ከፍ ያለ አስገኝተዋል። አንድ ቢልዮን ዶላር ላገኘ ፊልም ማዘን የማያምር መሆኑን አውቃለሁ! ቢሆንም ቀደም ሲል በ2005 የወጣው የሁለተኛው ሦስትዮሽ መጨረሻ ከ2002ቱ ከመካከለኛው ፊልም የበለጠ ገቢ አግኝቶ ነበር። ሰው የታሪክን መጨረሻ ለማየት ይጓጓል፤ በዚህኛው ግን ጉጉቱ እየቀነሰ ሄደ።

ከቍጥሩ ወጥተን ሰዎቹ የሚሉትን ስንሰማ፣ የወደዱት ሰዎች ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ከሁሉ በፊት የሌያን ነገር ያነሣሉ። ሌያን ሆና ከ1977 ጀምሮ የተጫወተችው ኬሪ ፊሸር በታኅሣሥ 2016፣ ይህ ፊልም ሳይሠራ አርፋለች። አዘጋጆቹ ለ2015ቱ ፊልም ተነሥተው ሳይታዩ የቀሩትን ትዕይንቶች ወስደው በዚህ ውስጥ ስላገቧቸው፣ ተመልካቹ ሊሰናበታት ቻለ። ቹባካ የተባለው ጠጕራሙ ባለታሪክም በ1977 ጓደኞቹ ሲሸለሙ እርሱ ባዶ አንገቱን የቆመበትን ሜዳልያ ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ ተቀበለ። የዘጠኙንም ፊልሞች ሙዚቃ የደረሰው ጆን ዊልያምስ ሥራውን በዚሁ ፈጸመ። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች ያየ ሰው እነዚህን ሲያይ ዕንባው ቢመጣ ማን ይፈርድበታል? ከክፍላችንም አንዱ ልጅ «እኔ ሐያሲ አይደለሁም፤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ» ብሎ አፋችንን ዘግቶናል።

የጠሉት ደግሞ ብዙ ነገር ይቈጥራሉ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ የሚያህል ሲሆን ከቦታ ቦታ ሲሮጥ ትንፋሽ ይወስዳል። ቹባካ ሞተ ተብሎ ሳናለቅስ ይገኛል። ሲ-ስሪፒኦ የተባለው ሮቦት ጓደኞቹን ለመርዳት ሲል ትዝታውን ሁሉ አሳልፎ ይሰጣል፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ትዝታው ይመለስለታል። ሞትም መሥዋዕትም እንዲህ በቶሎ የሚመለስ ከሆነ ተመልካቹ ለማን ይሥጋ? ፊን የተባለው ወታደር ለሬይ አንድ ነገር ሊነግራት አፉን ከፍቶ ሳይናገር ይቀራል፤ ፊልሙም ምን ሊል እንደ ነበር ሳይነግረን ያልቃል። ይህን የመሰለ ሥራ በሦስተኛ ክፍል ድርሰት ላይ ብንጽፍ መምህራችን በቀይ ቀለም ያሰምሩበት ነበር።

ለዚህ ሁሉ መነሻው ታሪኩ በአንድ እጅ አለመጻፉ ነው። የመጀመሪያው በኤብራምስ፣ ሁለተኛው በጆንሰን ተሠራ። ሦስተኛው ለኮሊን ትሬቮሮው ተሰጥቶ እርሱም በመስከረም 2017 ለቀቀና እንደገና ወደ ኤብራምስ ተመለሰ። ሦስት ሰዎች አንድ ቤት ሲሠሩ አንዱ የሠራውን በር ሌላው እየደፈነ በሌላ በኩል መስኮት ከከፈተ፣ ቤቱ ቢያዘነብል አይደንቅም።

እኔ ግን ከሩጫውም ከሮቦቱም ይልቅ የከነከነኝ ያ የተገለበጠው መልስ ነው። በአገራችን አንድ ልጅ ወደ አዲስ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?» ተብሎ ነው። ጥያቄው የሚጠየቀው በፍቅር ነው፤ ዘመድን ከዘመድ ያገናኛል። ነገር ግን መልሱ በማንም ዘንድ የማይታወቅ ስም ሲሆን የጠያቂው ፊት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ከመካከላችን የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚህ ትምህርት ቤት አባታቸው የታወቀ ሰው የሆነ ልጆች አሉ፤ እናታቸው ጕልት ላይ ሽንኵርት የምትሸጥ፣ ወይም ወላጆቻቸውን ጨርሶ የማያውቁና በአክስት ቤት ያደጉ ልጆችም አሉ። ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው።

ለእነዚህ ለኋለኞቹ ልጆች የ2017ቱ ሬይ ትልቅ ነገር ነበረች። የማንም ልጅ ሳትሆን ሰይፉ በእጇ በራ። በ2019 ግን ያ ኃይል ከአያቷ በውርስ የመጣ ነው ተባለች። ይኸውም ገበሬው ልጁን አስተምሮ ጐበዝ ሲሆንለት «ይህማ ከነገሥታት ዘር ቢሆን ነው» ብሎ እንደሚናገር ጎረቤት ዓይነት ነው። ምስጋና ይመስላል፤ ነገር ግን የልጁን ድካም ይወስድበታል።

የሚከራከሩኝ ሰዎች መልስ አላቸው፤ እርሱንም ሳልደብቅ ላቅርብ። በፊልሙ መጨረሻ ሬይ ወደ አሮጌው የስካይዎከር ቤተ ሰብ ቤት ትሄዳለች። አንዲት አሮጊት ማን እንደ ሆነች ሲጠይቋት፣ የፓልፓቲንን ሳይሆን ያስተማሯትን ሰዎች ስም የራሷ ስም አድርጋ ትናገራለች። ስለዚህ፣ ይላሉ፣ ፊልሙ ደም አይገዛም፤ ሰው ስሙን ይመርጣል ማለቱ ነው። እኅቴም በዚህ በኩል ናት፤ «የክፉ ሰው የልጅ ልጅ ሆኖ ደግ መሆን፣ የማንም ልጅ ሆኖ ደግ ከመሆን አይከብድም ወይ?» ትለኛለች። ይህ ጥሩ ክርክር ነው፤ ክፉ ስም ወርሶ በዚያ ምክንያት ለሚፈረድበት ልጅ ፊልሙ አንድ ነገር ይነግረዋል። ቢሆንም ሬይ በመጨረሻ የመረጠችው ስም ራሱ የታላቅ ቤት ስም ነው። «ሬይ ብቻ» ብላ መልሳ ብትሄድ ምን ይጐድልባት ነበር? ጥያቄው ለአሮጊቷ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ መልሱ ግን ስም ለሌለው ሕፃን፣ ለዚያ ለጋጣ ጠራጊው፣ አንዳች አላስተረፈለትም። እርሱን ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እርሱም የተመልካች ድምፅ ወሰኑ የት ነው የሚለው ነው። በሁለተኛው ፊልም ሮዝ ቲኮ የምትባል የጥገና ሠራተኛ ነበረች፤ እርሷን ሆና የተጫወተችው ከቬትናም ስደተኞች የተወለደችው ኬሊ ማሪ ትራን ናት። አንዳንድ ተመልካቾች ባለታሪኳን ባለመውደድ አላበቁም፤ ተዋናይቱን በዘሯና በመልኳ እየሰደቡ አሳደዷት። በ2018 በማኅበራዊ ገጿ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አጠፋች፤ በነሐሴ ወርም በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ የደረሰባትን በራሷ ብዕር ጻፈች። በሦስተኛው ፊልም ሮዝ የምትታየው ከሁለት ደቂቃ በታች ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ፣ ከሌያ ጋር የነበሯት ትዕይንቶች የቀሩት በምስል ሥራው ችግር ምክንያት ነው ብሎ ተናግሯል። ይህን አልክድም፤ ተሳዳቢዎቹ ግን እንዳሸነፉ ቈጥረውት ደስ ብሏቸዋል።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ ትኬት የከፈለ ሰው ታሪኩ አሰልቺ ነው፣ ውሸት ነው፣ ተንዛዛ ለማለት ሙሉ መብት አለው። ደራሲውም መስማት አለበት። ነገር ግን አንዴ የተናገረውን እውነት፣ ጩኸት ስለ በዛ ብቻ የሚያነሣ ደራሲ ሁሉንም ደስ ላሰኝ ሲል ማንንም አያጠግብም፤ የ«ቢ ፕላስ»ዋም ነገር ይህንኑ ታሳያለች። ጆንሰንን የሚጠሉት ኤብራምስን በሙሉ ልብ አልወደዱትም፤ ጆንሰንን የሚወዱት ደግሞ እንደ ተከዱ ቈጠሩት። ለኤብራምስ ልመስክርለት የሚገባኝ፣ በአጭር ጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ተረክቦ፣ ዋነኛዋ ተዋናይት በሌለችበት መጨረስ ቀላል አለመሆኑን ነው። ከእርሱ ይልቅ የምወቅሰው ሦስቱን ፊልሞች አስቀድሞ ሳያስብባቸው ያሠራውን ድርጅት ነው።

ፊልሙን ያላያችሁ መምህራንና ወላጆች ብታዩት አልከለክልም፤ ሁለተኛውን ግን አስቀድማችሁ እዩ፤ ከዚያም ከልጆቻችሁ ጋር ተከራከሩበት። በሚያዝያ 2023 በለንደን በተደረገው የስታር ዋርስ ጉባኤ ላይ ሬይ የምትመለስበት ሌላ ፊልም እንደሚሠራ ተነግሯል። ያ ፊልም በእርግጥ ከወጣ፣ እኔ መጀመሪያ የማዳምጠው አዲስ ተማሪዎቿ ስሟን ሲጠይቋት ምን ብላ እንደምትመልስ ነው።