የቀደመውን አያት ፍለጋ

ዳባትና ደባርቅ ከጎንደር ወደ ምጽዋ በሚወርደው የቀድሞ የሲራራ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ ጎንደር ገብቷል። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ታዲያ ከእነርሱ መካከል በአካባቢው ቀድሞ የሰፈረውን አያታችሁን እንዴት ታገኙታላችሁ?

በቤት ካለው አሮጌ ቁርኣንና ኪታብ ጀምሩ፤ ባዶ ገጹ ላይ ልደት ወይም ሞት ተጽፎ ይገኝ ይሆናል። ቀጥሎ የግብር ደረሰኝና የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ወረቀት ፈልጉ። ስትመዘግቡ የሰውየውን ስም ከአባቱና ከአያቱ ጋር ጻፉ፤ አለዚያ ከሞክሼው ጋር ይምታታባችኋል። የሂጅራውንም ዘመን አስተያዩ፤ 1295 ሂጅራ የሚውለው በ1870 እና በ1871 ዓ.ም. ነው።

ይህን ዘመን በተለይ ልብ በሉት። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። አንዳንዱ ስሙን ለወጠ፤ ሌላው ተሰደደ። ስለዚህ የወንድማማች ልጆች በሁለት ሃይማኖት ስም ተጽፈው ብታገኙ አትደነቁ። ስም ከወረቀት ጠፋ ማለት ዘመድ የለም ማለት አይደለም፤ የጎደለውን የሚሞላው የሽማግሌ ቃል ነው። እንግዲህ ወረቀቱን ምስጥ ሳይበላው፣ ሽማግሌውም ሳያልፉ ዛሬውኑ ጠይቁ። ዝምድና የሚቀጠለው ዘመድ ሲታወቅ ነውና።