አፍ ሲቆስል አንቲባዮቲክ ከመግዛት ቀን መቁጠር ይቀድማል



«ዶክተር፣ ልጄ አፉ ቆስሎ አልበላም ብሏል፤ አሞክሳሲሊን ልጀምርለት?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። መልሴን እዚሁ ለሁላችሁም ልናገር። አብዛኛው የአፍ ቁስለት አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሕመሙን ማስታገስ፣ ፈሳሽ መጠጣት እና ቁስሉ የጀመረበትን ቀን መያዝ ነው።

ምክንያቱም አንቲባዮቲክ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው። በብዛት የምናያቸው የአፍ ቁስለቶች ደግሞ መነሻቸው ሌላ ነው።

👉 የተለመደው የአፍ ቁስለት፦ በጉንጭና በከንፈር ውስጠኛ ክፍል ወይም ከምላስ ሥር ይወጣል። መሐሉ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ፣ ዙሪያው የቀላ ክብ ቁስል ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጉንጭን መንከስ፣ ጠንካራ የጥርስ ብሩሽ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይቀሰቅሱታል። ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራሱ ይድናል። እየተመላለሰ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ግን የብረት፣ የፎሌት ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊኖር ስለሚችል የደም ምርመራ አድርጉ።

👉 ምች የምንለው፦ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ሲሆን መነሻው ኸርፐስ የተባለ ቫይረስ ነው። አያቶቻችን «ፀሐይ መትቶት ነው» ማለታቸው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ፀሐይና ትኩሳት ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየውን ቫይረስ ይቀሰቅሱታል። ይተላለፋልና ምች ወጥቶባችሁ ሳለ ሕፃን አትሳሙ። በተለይ ለአራስ ልጅ አደገኛ ነው።

👉 በትንንሽ ልጆች፦ ይኸው ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዛቸው ትኩሳት ይኖራል፤ ድዳቸው ቀልቶ ያብጣል፤ አፋቸው በብዙ ቁስሎች ይሞላል። ሐኪም የፀረ-ቫይረስ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ የሚጠቅመውም ቶሎ ሲጀመር ስለሆነ ልጁን አሳዩ። መዳፍና ውስጥ እግር ላይም ሽፍታ ካለ ሌላ ቫይረስ ሊሆን ይችላል።

«የጎረቤቴ ልጅ ግን አሞክሳሲሊን ወስዶ በአምስተኛው ቀን ዳነ» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ባይወስድም ሊድን ይችል ነበር። ያተረፈው ምናልባት ተቅማጥ ነው። ባክቴሪያዎች ደግሞ መድኃኒቱን በተላመዱ ቁጥር ነገ የሳንባ ምች ሲይዘው የሚያድነው መድኃኒት ይጠፋል።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

✔ ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ልክ ስጡ።
✔ ውሃ፣ ወተት፣ ቀዝቀዝ ያለ ሾርባ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ስጡ። የሚጠባ ከሆነ ጡት አታቋርጡ።
✔ መጉመጥመጥና መትፋት የሚችል ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ይጉመጥመጥ።
✔ በርበሬ፣ ሎሚ፣ ቆሎና ትኩስ ነገር ለጊዜው ይቅር።

ምን እንተው?

✖ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አትስጡ፤ አትቀቡም።
✖ የአስፕሪን ክኒን ቁስሉ ላይ አታድርጉ፤ ሥጋውን ያቃጥላል። ለልጆች ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ በምንም መልኩ አስፕሪን አይሰጥም።
✖ ልጁ መዋጥ አቃተው ብላችሁ እንጥል አታስቆርጡ። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ ቁስለቱንም አያድንም።

ቶሎ ወደ ጤና ተቋም የሚያስሄዱ ምልክቶች፦ ልጁ ምንም አልጠጣም ካለ፣ ለ6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ከፈዘዘ ወይም ትኩሳቱ ካልወረደ። ትኩሳት ከሰውነት ሽፍታና ከቀላ ዓይን ጋር ከመጣ ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል አትዘግዩ። የአፍ ቁስለት ልጅን የሚጎዳው በአብዛኛው በቁስሉ ሳይሆን በፈሳሽ እጥረት ነው።

አሁን ለአዋቂዎች፣ በተለይ ሲጋራ ለምታጨሱ ወይም አልኮል ለምታዘወትሩ። ቀን ቁጠሩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሁለት ሳምንት አልፎት የማይድን ቁስል መታየት አለበት፤ ሦስት ሳምንት ከሞላው ደግሞ «ነገ እሄዳለሁ» አይባልም። «አያመኝም» ብላችሁም አትጽናኑ። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ላያም ይችላል። የጠነከረ፣ የሚደማ ወይም አንገት ላይ እብጠት ያስከተለ ቁስል የጥርስ ሐኪም ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ቶሎ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በየፋርማሲው ቅባትና አንቲባዮቲክ እየቀያየሩ የሚያልፉት ወራት ግን አይመለሱም።

ስለዚህ አፋችሁ ሲቆስል ዛሬ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ሐኪም ጋ ስትደርሱም ከሁሉ አስቀድሞ የምትጠየቁት ይህንኑ ነው።

ለሌሎች ወላጆች አጋሩት።