አዛውንቱን ቤት የዘጋባቸው ማነው?

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ምሳሩ የሚነሳው አዛውንቱ ገና ሳይወድቁ ነው። ክዳኑ የተሰረቀ ቦይ፣ የተነቃነቀ ድንጋይ፣ መደገፊያ የሌለው ደረጃ! ታዲያ እንዴት አይፍሩ?

ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ መሠረት በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች ወድቀው ይሞታሉ። ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ሞት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚደርስ ነው። በብዛት የሚሞቱትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው።

ጉዱ ግን ፍርሃቱ ራሱ ጣይ መሆኑ ነው። መውደቅን የፈራ ይቀመጣል። የተቀመጠ እግር ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሚዛኑ ይጠፋል። ከዚያ ሌሊት ለሽንት ብድግ ሲል ይወድቃል።

ክብደትም እዚህ ላይ ይገባል። እኛ ዘንድ «ወፈሩ፣ ተመቸዎት» ማለት ምርቃት ነው። ነገር ግን ቦርጭ ወደፊት ሲጎትት ሚዛን መጠበቅ ይከብዳል፣ ከወደቁም መነሳት ያስቸግራል። ጡረታዋ ከወሩ አጋማሽ ሳትደርስ አልቃባቸው የከሱትስ? እሳቸውም አልዳኑም። ጡንቻቸው ሄዷል፣ አጥንታቸው ሳስቷል። ሳይንቀሳቀሱ መክሳትም መፍትሔ አይደለም። ቁም ነገሩ የእግር ጉልበት ነው።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት «ከወረድኩ ማን ያወጣኛል ልጄ?» ብለውኛል። ፎቁን የመረጠላቸው ዕጣ ነው። ሊፍት የለም። የደረጃው ብረት ተነቅሏል። ልጆቻቸው ደግሞ በፍቅር «እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ይሏቸዋል። ጎበዝ! ይህ እስራት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እርዳታ ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ስም ዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድ አግኝተዋል፣ በመብራት አሸብርቀዋል። ይበል! ግን አዛውንቱ ከደጃፋቸው እስከዚያ ጎዳና በምን ይድረሱ? በክንፍ? አቅም የለንም ማለትም ከዚያ ሁሉ መብራት ሥር ቆሞ አያምርም።

የወረዳ ሹማምንት ሆይ፣ አንድ ቀን መኪናችሁን አቁሙና አንድ አዛውንት ደግፋችሁ በውስጥ ለውስጡ መንገድ ሂዱ። ቦዩን ክደኑ። ደረጃ መውጣት ያቃታቸው አረጋውያን ከምድር ቤት ነዋሪ ጋር ቤት የሚቀያየሩበትን መንገድ አመቻቹ።

እኛም ልጆች «ቁጭ በሉ» ማለታችንን እንተው። ሚዛንና የእግር ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ውድቀትን ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለት፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ክንድ ለክንድ ተያይዞ ደጅ መውጣት ገንዘብ አይጠይቅም። ከሽሮውና ከምስሩ ጋር እንቁላል ከተገኘም ይጨመር።

አዛውንቱ ደጅ ካልወጡ ዕድሩን ማን ይመራል? የተጣላውንስ ማን ያስታርቃል? አስታራቂ በጠፋበት ዘመን ሽማግሌን ቤት መቆለፍ ድፍረት ነው። መጀመሪያ የደረጃውን መደገፊያ ትከሉ!