ጥቅሷ ተለጠፈች፤ ደብዳቤውስ የት ሄደ?

አዲስ አበባ ውስጥ ኤርምያስ 29፥11 የተለጠፈበትን ቦታ ከመቁጠር ያልተለጠፈበትን መቁጠር ይቀላል። የታክሲ መስታወት ላይ አለች፤ የሞባይል ሽፋን ላይ አለች፤ የምርቃት ኬክ ላይ ሳይቀር በክሬም ተጽፋ አይተናታል። እግዚአብሔር ለሕዝቡ በጎ እንዳሰበና መጨረሻቸው ተስፋ እንዳለው የምትነግረን ጥቅስ ናት። እኛም እንወዳታለን።

ጠባችን ከጥቅሷ ጋር አይደለም። ጠባችን ጥቅሷን ከደብዳቤው ቆርጠው ከሚቸበችቡልን ሰዎች ጋር ነው። መስከረም በጠባ ቁጥር ለዓመቱ ስም ይወጣለታል፤ «የመውረስ ዓመት»፣ «የእጥፍ ዓመት»፣ «የመውጣት ዓመት»... ከዚያ ዝርዝሩ ይከተላል። ቪዛው መጥቷል! መኪናው በር ላይ ነው! ባልሽ ከሦስት ወር አያልፍም!

እስቲ ደብዳቤውን ከላይ ጀምረን እናንብበው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም የላከው ባቢሎን ላሉ ምርኮኞች ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ገደማ ናቡከደነፆር ንጉሡን፣ ሹማምንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ለቅሞ ወስዷቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች መስማት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ መቼ ነው አገራችን የምንገባው? መልሱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ቤታችሁን እዚያው ሠርታችሁ ኑሩ፣ አትክልት ተክላችሁ ብሉ፣ አግብታችሁ ውለዱ፣ ለማረካችሁ ከተማ ሰላም ጸልዩ የሚል! ቁጥር 10 ላይ ደግሞ ቀጠሮው ተቆርጧል፤ 70 ዓመት። ያቺ የምንወዳት 11ኛ ቁጥር የምትመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አስቡት እንግዲህ... ደብዳቤው ሲነበብ 30 ዓመት የሞላው ሰው የመመለሻውን ቀን በሕይወት አያየውም። በጎው ሐሳብ ግን እሱንም ይጨምራል።

አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትመለሱ የዚያን ዘመን የመድረክ ኮከብ ታገኙታላችሁ። ሐናንያ ይባላል። እሱ «ሁለት ዓመት ብቻ!» አለ፤ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውን ቀንበርም ሰበረው። (ያኔ ቲክቶክ ቢኖር ቪዲዮው የት በደረሰ!) ሁለቱ ዓመት ግን ያለውን ሳያመጣ አለፈ፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት ሞተ።

ዛሬ የሐናንያ ልጆች በዝተዋል። ችግሩ ደግሞ የሚሰጡት ቀን መሳቱ ብቻ አይደለም። ቀን የተቆረጠለት ወጣት የዛሬውን ይንቃል። ሥራውን «ለጊዜው ነው» እያለ በግማሽ ልብ ይሠራል፣ ትምህርቱን ያቆማል፣ ሲጠየቅ «የእግዚአብሔርን ጊዜ እየጠበቅኩ ነው» ይላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ቀኑ ባዶውን ሲያልፍ ተጠያቂው ማን ይሆናል? ነቢዩ እንዳይመስላችሁ። «እምነትሽ አንሶ ነው» ትባላለች ልጅቱ! እኛን የሚያንገበግበን እዚህ ጋ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንዲት ልጅ ለእናቷ የስኳር መድኃኒት የያዘችውን ብር «ዘር» ብላ መድረክ ላይ ብታስቀምጥ ስንቱ ነው «ሃሌ ሉያ» የሚለው? ስንቱስ ነው «መጀመሪያ መድኃኒቱን ግዢ» የሚላት? ማርቆስ 7ን ያነበበ ሰው መልሱ አይጠፋውም። ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው» ብለው የሚያስቀሩትን ኢየሱስ የገሠጻቸው እዚያ ነው። ቅደም ተከተሉን እሱ ራሱ ተናግሮታል፤ ማን ነው የሚያሻሽለው?

«ታዲያ እግዚአብሔር ተአምር አያደርግም ልትሉን ነው?» የሚለን አይጠፋም። አላልንም! ያደርጋል። ቀኑን የሚቆርጠው ግን እሱ ነው እንጂ ማይክ የያዘ ሁሉ አይደለም። ማቴዎስ 6 ላይ መንግሥቱ ይቀድማል፣ ምግብና ልብሱ ይከተላል። በእነሱ ስብከት ግን መኪናው ይቀድምና መንግሥቱ የመኪና ደላላ ሆኖ ያርፈዋል።

በእግዚአብሔር ዓላማ መታመን ምን እንደሚመስል ከራሳችን ሰው ማየት ለሚፈልግ አበበች ጎበና አሉልን። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄዱ። ረሃብ በመታው በዚያ አካባቢ እናቷ ሞታ አጠገቧ የቀረች ሕፃን አገኙ። የሄዱት ለመሳለም ነበር፤ አዲስ አበባ የተመለሱት ሁለት ልጆች ይዘው ነው። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ትዳራቸውም የተደላደለ ኑሯቸውም በዚሁ ምክንያት ፈረሰ። በእኛ ሰባኪዎች ሚዛን ያ ዓመት «የመውረስ ዓመት» አይባልም። እሳቸው ግን ፊታቸው የተቀመጠውን ሥራ አነሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስም አላስቀመጡትም። በመሠረቱት ድርጅት ስንት ሺህ ልጅ ለወግ ለማዕረግ እንደበቃ አገር ያውቀዋል።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ በሚቀጥለው መስከረም «ይሄ ዓመት ያንተ ነው» ሲሏችሁ አንዲት ጥያቄ ጠይቁልን፤ «ቁጥር 5ስ? ቁጥር 10ስ?» መልሱ እስኪመጣ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። የጀመራችሁትን ትምህርት ጨርሱ፤ የያዛችሁትን ሥራ በሙሉ ልብ ሥሩ፤ የእናታችሁን መድኃኒት ዛሬውኑ ግዙ። 70 ዓመት የሚያቅድ አምላክ የእናንተ ነገ አይጠፋውም።

ቸር ያሰንብተን!