ጉሙን አትግፈፉት

በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መካከል የማይታረቅ አንድ ጠብ አለ። ገሚሱ «ድርሰት የምንኖርበት ቤት ነው እንጂ መሠረቱን የምንቆፍርበት ጉድጓድ አይደለም» ይላል። ገሚሱ ደግሞ በምዕራፍ ሦስት ጥቁር የነበረው ፈረስ በምዕራፍ ዘጠኝ ለምን ነጭ ሆነ እያለ ገጽ በገጽ ይመረምራል። እኔ ከመርማሪዎቹ ወገን ነኝ። ከወገኖቼ ጋር የምለያይበት አንድ ነጥብ ግን አለ። ስሕተትን ማግኘት ንባብ ነው፤ ያገኙትን ስሕተት ከሥራው ላይ ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥፋት ነው።

ለዚህ ምስክር አድርጌ የማቀርበው ልብ ወለድ ሳይሆን የቪዲዮ ጌም ነውና ውድ አንባቢ ፊቱን ሳያዞር ጥቂት ይታገሠኝ። ስሙ «ሳይለንት ሂል» ነው፤ የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1999 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ያወጣው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሃሪ ሜሰን ወታደር አይደለም፤ ፖሊስም አይደለም፤ ደራሲ ነው። ከመኪና አደጋ ሲነቃ ትንሿ ልጁ ቼሪል አጠገቡ የለችም። እሷን ፍለጋ በጉም በተዋጠች፣ ሰው በራቃት አንዲት የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ይባዝናል። ሲሮጥ ይደክመዋል፤ ሲተኩስ ይስታል። የያዛት ትንሽ ራዲዮ ጭራቅ በቀረበ ቁጥር ትንጫጫለች። እንግዲህ ተጫዋቹን የሚያስጨንቀው ያየው ሳይሆን፣ ድምፁን ሰምቶ ገና ያላየው ነው።

ታዲያ ያ ጉም ከየት መጣ? ስለ ኀዘን፣ ስለ መርሳት፣ ስለ ሰው ልጅ ኅሊና ጨለማ ብዙ ተብሎለታል። የትውልድ ታሪኩ ግን እጅግ ተራ ነው። የዚያ ዘመን ማሽን የአንድን ከተማ ጎዳናዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመሳል አቅም አልነበረውም፤ ሩቅ ያለው ሕንፃ በተጫዋቹ ዐይን ፊት ድንገት ከባዶ ብቅ ይል ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሊስሉት ያልቻሉትን በጉምና በጨለማ ሸፈኑት። ድህነታቸውን አለበሱት፤ ልብሱ ግን ከገላው በልጦ ተገኘ። ግጥም ለሚሞክር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የፈለግሁት ቃል ቤት አልመታ ብሎኝ ሌላ ቃል ስፈልግ፣ ያልፈለግሁት ግን የሚሻል ሐሳብ ይዞ የመጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እጥረት የሰጠንን ሁሉ በእኛ ጥበብ ስም እንመዘግበዋለን።

የከተማይቱን ካርታ የገለጠ የመጻሕፍት ወዳጅ ደግሞ ሌላ ምሥጢር ያገኛል። ጎዳናዎቹ በደራስያን ስም የተሰየሙ ናቸው፤ ብራድበሪ፣ ብሎክ፣ ማቲሰን፣ ኩንትዝ፣ ሌቪን። ባክማን የተባለውም ጎዳና ስቲቨን ኪንግ ይጠቀምበት የነበረው የብዕር ስም ነው። ትምህርት ቤቱ ሚድዊች ይባላል፤ ሚድዊች ጆን ዊንደም እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ እንግዳ የሆኑ ሕፃናት የሚወለዱባት መንደር ናት። ይባስ ብሎ የትምህርት ቤቱ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውንና አርኖልድ ሽዋርዜኔገር የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ሆኖ የሚያስቅበትን «ኪንደርጋርተን ኮፕ» የተባለ ፊልም ትምህርት ቤት ቁርጥ ይመስላል። አስፈሪው ቦታ ከአስቂኝ ፊልም ተቀዳ ማለት ነው።

አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ «አሜሪካን በመጽሐፍና በፊልም ብቻ የሚያውቅ የሠራት አሜሪካ ናት» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን ፒተርስበርግን በእግራችን ሳንረግጥ፣ ከትርጉም ልብ ወለዶች ብቻ በረዷን፣ ደረጃዎቿንና ጠባብ ክፍሎቿን ያወቅናት? በእኛ ውስጥ ያለችው ፒተርስበርግ ለነዋሪዎቿ ስሕተት ልትሆን ትችላለች። ለእኛ ግን የኖርንባት ከተማ ናት። «ሳይለንት ሂል»ም እንደዚያው ናት፤ በዐይን ከታየች ይልቅ በንባብ የታወሰች ከተማ። ሕልም የምትመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከመጋረጃው በስተጀርባ ካሉት ታሪኮች ሁሉ ልቤን የሚነካው የታካዮሺ ሳቶ ነው። የጌሙን የፊልም ክፍሎች ይህ ወጣት ሠዓሊ ብቻውን ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሠራቸው። ባልደረቦቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ የእነሱን ኮምፒዩተሮች በአንድነት ለራሱ ሥራ እያዋለ፣ ቢሮ ውስጥ እያደረ፣ ዓመታት ገፋ። የቀን እንጀራው አንድ፣ የሌሊት ሥራው ሌላ የሆነበት ሰው ይህን ታሪክ እንደ ተራ ወሬ አይሰማውም። የምስሎቹን ስንጥቅ ያየ ተመልካች «እዚህ ላይ የገጸ ባሕርይዋ ፊት ደርቋል» ሊል ይችላል። እኔ በዚያ ድርቀት ውስጥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልተኛ ሰው ይታየኛል።

አሁን ወደ ትክክለኞቹ መፋለሶች እንምጣ። በዚህ ጌም የአሜሪካ ኅትመት በትምህርት ቤቱ ውስጥ ቢላዋ የያዙ፣ ሕፃናትን የሚመስሉ ጭራቆች አሉ፤ በጃፓኑና በአውሮፓው ኅትመት ግን በሌላ ፍጡር ተተክተዋል። ፍጻሜውም አምስት ዓይነት ነው። በአንዱ ሃሪ አንዲት ሕፃን ታቅፎ ከከተማይቱ ያመልጣል፤ በሌላው በተጋጨችው መኪናው ውስጥ ሞቶ ይታያል፤ በሌላው ደግሞ ከሰማይ የመጡ እንግዳ ፍጡራን ይዘውት ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ሕፃኗ የተረፈችበትን ተቀብሎ ቀጠለ።

ከዚህም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 ካፕኮም ባወጣውና ሺንጂ ሚካሚ በመራው «ሬዚደንት ኢቭል» ተጫዋቹ ከክሪስና ከጂል አንዱን ይመርጣል። ጂልን ከመረጠ ባሪ የተባለው ባልደረባዋ ያግዛታል፤ ርብቃ የምትባለው ወጣት ግን ፈጽሞ አትታይም። ክሪስን ከመረጠ ርብቃ ታግዘዋለች፤ ባሪ ግን ከመግቢያው በኋላ የውኃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። ተከታዮቹ ክፍሎች ግን አራቱም ከዚያ ቤት በሕይወት ወጡ ይላሉ። በ1996ቱ ጌም ውስጥ ይህን የሚያሳይ አንድም ፍጻሜ የለም። ሁሉም የሚያምነው ታሪክ ማንም ያልተጫወተው ታሪክ ነው!

ይህ ስሕተት ነው? በአንድ ዐይን ካየነው አዎን። ነገር ግን በአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ያደገ ሰው «አንድም» የምትለውን ቃል ያውቃታል። የአንድምታ መምህር አንዱን ፍቺ ሰጥቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሌላውን ከጎኑ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው መጣ ብሎ የፊተኛውን አያባርርም። ሃሪ ሞተ፤ አንድም ሕፃኗን ይዞ ወጣ። ጂል በባሪ ረዳትነት ተረፈች፤ አንድም ክሪስ በርብቃ። እንዲህ ያለ ንባብ ለእኛ አዲስ አይደለም። እንዲያውም ከብዙዎች ቀድመን የለመድነው ነው።

«አንተ የባንክ ሠራተኛ ነህ፤ ስሕተትን እንዴት ትታገሣለህ?» ያለኝ ወዳጅ አለ። እርግጥ ነው፣ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የካዝናው ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ወደ ቤት መሄድ የለም። ነገር ግን ወዳጄ አንድ ነገር ዘንግቷል። በሒሳብ መዝገብ ላይ የተጻፈ አይፋቅም። የተሳሳተው ቁጥር እንዲነበብ ሆኖ ይሰረዛል፣ ከጎኑ ይፈረማል፤ ወይም ስሕተቱ ባለበት ቀርቶ የሚያርመው ሒሳብ ለብቻው ይመዘገባል። የፋቀ ሰው ያረመ ሳይሆን የደበቀ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ለገንዘብ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለድርሰት እንዴት እናንሳለን?

መፋቅ ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ2012 ታየ። ኮናሚ የ2001ዱን ሁለተኛ ክፍልና የ2003ቱን ሦስተኛ ክፍል በአዲስ ጥራት አሳተመ። ሥራው የተሰጠው ድርጅት የተረከበው ግን የመጨረሻውን ኮድ አልነበረም። በኮናሚ እጅ የተገኘው ያላለቀው ብቻ ነበርና፣ የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ያረሟቸውን ሳንካዎች እንደ ገና ማረም ግድ ሆነ። በሐይቁ ላይ የነበረው ጉም ሳሳ፤ ከጀርባውም ሊታይ የማይገባው የተቆረጠ ውኃ ተገለጠ። የአንድ ታፔላ ጽሕፈት እንኳ ለልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ በሚስማማ ፊደል ተተካ። ጥራቱ ጨመረ፤ ከተማይቱ ግን ጠፋች። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2024 የፖላንዱ ብሉበር ቲም ሁለተኛውን ክፍል እንደ አዲስ ሲሠራው፣ ማሽኑ ከተማይቱን ያለ ጉም ማሳየት የማያቅተው ሆኖ ሳለ ጉሙን አኖረው። በድካም የተወለደው በክብር ተመለሰ ማለት ነው።

ይህ የጃፓን ጣጣ ብቻ ይመስላችኋል? የቆዩ መጻሕፍት በድጋሚ ሲታተሙ ሀ፣ ሐ፣ ኀንና ሰ፣ ሠን «ለማስተካከል» የሚቸኩል እጅ በእኛም መካከል አለ። ሠረቀ ሲል ፀሐይ የወጣችለትን ደራሲ ሰረቀ አስብሎ ሌባ ያደርገዋል። የሚያሳዝነው ለውጡ ብቻ አይደለም። መለወጡን የሚናገር አንዲት መስመር እንኳ በግርጌ አለመኖሯ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ከጠፋ፣ የመጀመሪያው ኅትመት ከገበያ ካለቀ፣ ነገ የሚመጣው አንባቢ የደራሲውን እጅ ከአራሚው እጅ በምን ይለያል?

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። ስሕተት ለቃሚዎች ሆይ፣ ልቀሙ፤ የፈረሱን ቀለም፣ የጠፋውን ባሪን፣ ከፊልም የተቀዳውን ትምህርት ቤት አንድም ሳታስቀሩ መዝግቡ። አሳታሚዎች ሆይ፣ የተለቀመውን በግርጌ አስፍሩ፤ ገጹን ግን ተዉት። የምትጽፉም ብትሆኑ ረቂቃችሁን አትቅደዱ። ኮናሚን የሚያህል ድርጅት የራሱን ሥራ የመጨረሻ ቅጂ ማግኘት ካቃተው፣ የእኛ ደብተሮች በየመሳቢያው ምን ያህል ዕድሜ አላቸው?